ሳቅና ፍርድ፦ በርካሽ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞች ላይ ስለሚወርደው ፌዝ

ከሰው ልጅ ጠባዮች ሁሉ ለፍርድ የሚቸኩለው ሳቅ ነው። ሸንጎ ሳይሰየም፣ ምስክር ሳይጠራ፣ ተከሳሹም ቃሉን ሳይሰጥ ብይኑ ይነገራል። የሳቀ ሰው ስለምን እንደሳቀ ቢጠየቅ «ስለሚያስቅ ነዋ» ከማለት በቀር ሌላ ማስረጃ አያቀርብም። ይህ ችኩል ዳኛ ግን ሁልጊዜ አይሳካለትም። ትዕቢተኛውን ከመንበሩ ያወረደውን ያህል፣ አቅም ያነሰውን ሐቀኛ ሰውም አንገቱን አስደፍቷል። ስለዚህ በማን፣ በምን ምክንያትና በምን መብት ይሳቃል የሚለው ጥያቄ የጨዋታ ሳይሆን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው።

ለዚህ ጥያቄ የተመቸ መመርመሪያ በፊልም ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ይኸውም በተለይ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ አገር በጥቂት ገንዘብና በጥቂት ቀናት እየተሠሩ ለገበያ ይቀርቡ የነበሩት የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞች ናቸው። መንኮራኩሮቻቸው በክር ተንጠልጥለው ይወዛወዛሉ። ምድርን ሊያጠፋ የተነሣው አውሬ ከጨርቅና ከላስቲክ መሠራቱን ሕፃን ልጅ እንኳ ይለየዋል። በጊዜያቸው ወጣቶችን አስፈራርተው፣ ሳንቲም ለቅመው የተረሱት እነዚህ ሥራዎች ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሁለተኛ ሕይወት አገኙ። ተመልካች የሚሰበሰበው ሊፈራ ሳይሆን ሊስቅ ሆነ። ፌዙም ቀስ በቀስ መጽሐፍ የሚጻፍለት፣ በቴሌቪዥን ዓመት ከዓመት የሚቀርብ ሙያ ለመሆን በቃ። ታዲያ ይህ ሳቅ ትክክለኛ ሒስ ነውን? ወይስ ያለው በሌለው ላይ የሚያሳየው ንቀት?

ሳቅ ከምን ይመነጫል?

ስለ ሳቅ የተፈላሰፉ ሊቃውንት በአንድ ሐሳብ አልተስማሙም። የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል ስለ ሥነ ግጥም በጻፈው ድርሳኑ የሚያስቅ ነገር አንድ ዓይነት ጉድለት መሆኑን ገልጾ፣ ጉድለቱ ግን ሥቃይንም ጥፋትንም የማያስከትል መሆን እንዳለበት ወሰን አበጅቶለታል። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ በ1651 ባሳተመው «ሌቫያታን» ነገሩን ከሳቂው ወገን ተመለከተው። በእርሱ አስተሳሰብ ሰው የሚስቀው የሌላውን እንከን አይቶ ራሱ በድንገት ከፍ ያለ መስሎ ሲታየው ነው። በሰው ጉድለት አዘውትሮ የሚስቅም በራሱ ችሎታ እምብዛም የማይተማመን ሰው ነው። ፈረንሳዊው አንሪ ቤርግሶን በበኩሉ በ1900 ስለ ሳቅ ባወጣው መጽሐፍ፣ ሳቅ ኅብረተሰብ የደረቀውንና እንደ መኪና በልማድ ብቻ የሚንቀሳቀሰውን ጠባይ የሚያርምበት መሣሪያ ነው ብሏል። መሣሪያው እንዲሠራ ግን የሳቂው ልብ ለጊዜው ከርኅራኄ መራቅ እንዳለበት አልሸሸገም።

ሦስቱም ሐሳቦች በአንድ ትዕይንት ላይ ሊፈተኑ ይችላሉ። በመቃብር ስፍራ አንድ ተዋናይ ሲያልፍ ልብሱ የነካው የድንጋይ ሐውልት እንደ ካርቶን ይወዛወዛል። እንደ አሪስቶትል ቢታይ ማንም አልተጎዳምና ሳቁ ንጹሕ ነው። እንደ ቤርግሶን ቢታይ ድንጋይ ነኝ ያለው ነገር ካርቶንነቱን ራሱ መስክሯልና መሳቅ ተገቢ ነው። እንደ ሆብስ ቢታይ ግን ከሳቁ በስተኋላ «እኔ ብሆን ከዚህ እሻል ነበር» የሚል ድምፅ አለ። ይህም ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፊልም እንኳ ለመሥራት ካልሞከረ ሰው የሚወጣ ነው።

አማርኛ ለእነዚህ ልዩነቶች ቃል አላነሰውም። ቀልድ ያለ ተጎጂ ይኖራል፤ ሁሉም አብሮ ይስቅበታል። ፌዝ ግን የሚፌዝበት ሰው ከሌለ አይቆምም። ስላቅ ቁም ነገር አዝሎ ይወጋል። ለበጣ ያመሰገነ መስሎ ያዋርዳል። በርካሽ ፊልም ላይ የሚሳቀው ሳቅ አንድ ዓይነት ይመስላል እንጂ እነዚህ ሁሉ የተደባለቁበት ነው። ፍርዱ እንዲቃና በቅድሚያ መለየት ያስፈልጋል።

ርካሽነቱ ከየት መጣ?

ፊልሞቹ ርካሽ የሆኑት ሠሪዎቻቸው ሰነፎች ስለነበሩ ብቻ አይደለም። በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ታላላቆቹ የፊልም ኩባንያዎች ፊልም መሥራትንና የሲኒማ ቤት ባለቤትነትን አጣምረው ገበያውን መያዛቸው ሕግን የሚጥስ መሆኑን ወሰነ። ወዲያውም ቴሌቪዥን ተመልካቹን በየቤቱ ማስቀረት ጀመረ። ሲኒማ ቤቶችና ተመልካቹ ከመኪናው ሳይወርድ ፊልም የሚያይባቸው ሜዳዎች በአንድ ቲኬት ሁለት ፊልም እያሳዩ ወጣቱን ለመሳብ ተጣደፉ። ለዚህም ብዙ ፊልም፣ ቶሎ የሚደርስና በትንሽ ገንዘብ የሚሠራ ፊልም አስፈለገ። ክፍተቱን ትናንሽ ኩባንያዎች ሞሉት። ከእነርሱ አንዱ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው አሜሪካን ኢንተርናሽናል ፒክቸርስ፣ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ርእሱንና የማስታወቂያውን ሥዕል አዘጋጅቶ ገበያውን ከመዘነ በኋላ ነበር ታሪኩን የሚያስጽፈው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደተባለው፣ በዚህ ጥድፊያ የተሠራ ሥራ በተመልካች ፊት ቢፈታ የሚያስደንቅ አልነበረም።

ዘመኑ ግን የጥድፊያ ብቻ ሳይሆን የፍርሃትም ዘመን ነበር። ሶቪየት ኅብረት በ1949 የአቶም ቦምብ ሞከረች። አሜሪካ በ1952 የሃይድሮጂን ቦምብ አፈነዳች። በ1957 የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ ምድርን ዞረች። ሰማዩ የጸሎት መዳረሻ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ጥፋት የሚወርድበትም ስፍራ ሆነ። ርካሾቹ ፊልሞች ይህን ፍርሃት ነው በላስቲክና በክር ሊናገሩ የሞከሩት። የሦስቱን ታሪክ ማየት ይበቃል።

በ1953 ፊል ተከር ያዘጋጀው «ሮቦት ሞንስተር» በአራት ቀን ውስጥ የተቀረጸ ነው። ለሮቦት የሚሆን ልብስ ማሠራት ከአቅም በላይ ስለነበር የራሱ የጎሪላ ልብስ የነበረው ጆርጅ ባሮውስ የተባለ ተዋናይ ተቀጠረና በጎሪላው አንገት ላይ የባሕር ጠላቂ የሚመስል የራስ ቁር ተደረገለት። ከሌላ ዓለም የመጣው ወራሪ ከአለቃው ጋር የሚገናኝበት መሣሪያም የሳሙና አረፋ እየተፋ ይታያል። ይህን አይቶ አለመሳቅ ይከብዳል። ነገር ግን በዚህ ፊልም ውስጥ የሚሰማውን ሙዚቃ የደረሰው ኤልመር በርንስታይን ነው። ይህ ሙዚቀኛ በዚያን ጊዜ ግራ ዘመም አስተሳሰብ አለው ተብሎ በመጠርጠሩ የታላላቆቹ ኩባንያዎች በር ስለጠበበው ያገኘውን ሥራ ይሠራ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ «አሥርቱ ትእዛዛት» ለተባለው የ1956 ፊልምና «ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን» ለተባለው የ1960 ፊልም በደረሰው ሙዚቃ ስሙ ዓለምን ዞረ። እንግዲህ በጎሪላው የሚስቅ ሰው ሳያውቀው አንድ የተገፋ የጥበብ ሰው የዕለት እንጀራውን በሐቅ ሲሠራ እያዳመጠ ነው።

ሁለተኛው በ1957 የወጣው «ዘ ጃያንት ክሎው» ነው። የዓለምን አየር ኃይሎች ያስጨነቀች ግዙፍ ወፍ ትታያለች የሚል ፊልም ሲሆን፣ ፕሮዲዩሰሩ ሳም ካትስማን ወጪ ለመቆጠብ ወፏን ሜክሲኮ ውስጥ በርካሽ አሠራት። የመጣችው አሻንጉሊት ዓይኗ የፈጠጠ፣ አንገቷ የተላጠ አሞራ የምትመስል ሆነች። ተዋናዮቹ በቀረጻው ጊዜ ባዶ ሰማይ እያዩ በፍርሃት ሲጮኹ ወፏን አላዩዋትም ነበር። መሪ ተዋናዩ ጄፍ ሞሮ በኋላ እንደተናገረው፣ ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በትውልድ ከተማው ሲሆን፣ ወፏ በታየች ቁጥር ሕዝቡ ሲስቅ ጊዜ ማንም ሳያውቀው ሹልክ ብሎ ወጥቷል። የቆጠበው ፕሮዲዩሰሩ፣ ያፈረው ግን ተዋናዩ ነው። ሳቁ የነካው በአዳራሹ የተገኘውን እንጂ ጥፋተኛውን አልነበረም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥ የተፌዘበት፣ በ1957 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የኤድ ዉድ «ፕላን ናይን ፍሮም አውተር ስፔስ» ነው። ገንዘቡ የተገኘው ከባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አባላት ነበር። ዉድ በ1931 ድራኩላን ሆኖ በመሥራት ዝነኛ ከነበረውና በእርጅናው ሥራ ካጣው ሃንጋሪያዊ ተዋናይ ከቤላ ሉጎሲ ጋር ለሌላ ሐሳብ ጥቂት ደቂቃ የሚሆን ፊልም ቀርጾ ነበር። ሉጎሲ በ1956 ሞተ። ዉድ ያቺኑ ጥቂት ፊልም በአዲሱ ታሪክ ውስጥ ሰክቶ ለቀሪው ቦታ የሚስቱን የጀርባ አጥንት ሐኪም ቀጠረ። ሐኪሙ ሉጎሲን ስለማይመስል ፊቱን በካባ ሸፍኖ እንዲሄድ ተደረገ። በዚህ ላይ ሐውልቶቹ ይወዛወዛሉ፤ በአንዱ ትዕይንት ውስጥ ቀንና ሌሊት ይፈራረቃሉ።

ፌዝ ሙያ ሲሆን

ሃሪና ማይክል ሜድቬድ የተባሉ ወንድማማቾች በ1980 ባሳተሙት መጽሐፍ በአንባቢዎች ድምፅ «ፕላን ናይን» ከፊልሞች ሁሉ የከፋ፣ ዉድም ከዳይሬክተሮች ሁሉ የከፋ ተባሉ። ዉድ ይህን አልሰማም። በታኅሣሥ 1978 ኪራይ መክፈል አቅቶት ከቤቱ በተባረረ በጥቂት ቀናት ውስጥ በ54 ዓመቱ ሞቷል። ዝናው የመጣው ከሞቱ በኋላ ሲሆን የመጣውም በሳቅ ነው። በ1994 ቲም በርተን ስለ እርሱ ያዘጋጀው ፊልም ሁለት የኦስካር ሽልማት አገኘ። ከሁለቱ አንዱ የተሰጠው ሉጎሲን ሆኖ ለተጫወተው ለማርቲን ላንዳው ነበር። በሕይወት ሳለ ቤት የነፈገው ከተማ ሲሞት የብር ማያ ሐውልት አቆመለት።

በ1988 ደግሞ በሚኒያፖሊስ ከተማ በአንድ የአካባቢ ቴሌቪዥን ጣቢያ «ሚስትሪ ሳይንስ ቲያትር 3000» የተባለው ዝግጅት ተጀመረ። የፈጠረው ኮሜዲያን ጆኤል ሆጅሰን ነው። በታሪኩ መሠረት አንድ ሰው ወደ ጠፈር ተልኮ መጥፎ ፊልሞችን እንዲያይ ይገደዳል፤ ከሁለት ሮቦቶች ጋር ተቀምጦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እያየ ይተርባል። የሦስቱ ጥላ ከማያው ግርጌ ይታያል። ዝግጅቱ ወደ አገር አቀፍ ጣቢያዎች አድጎ እስከ 1999 ዘለቀ፤ በ1993ም ፒቦዲ የተባለውን ታላቅ የስርጭት ሽልማት አገኘ።

በዚህ ላይ በአድልዎ እንዳይፈረድ ሁለት ነገር መመስከር ይገባል። አንደኛ፣ ፌዘኞቹ ራሳቸው ድሆች ነበሩ። የአንዱ ሮቦት ራስ የከረሜላ ማሽን ነው፤ የሌላው አፍ ከፕላስቲክ የቦውሊንግ ማጫወቻ፣ ዓይኑም ለሁለት ከተከፈለ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ተሠርቷል። በጎሪላና በራስ ቁር የሳቁት ሰዎች በዚያው የጥበብ መንገድ የሄዱ ናቸው። ሳቃቸው ከማማ ላይ ቁልቁል የሚወርድ ሳይሆን ከጎረቤት ደጃፍ የሚሰማ ነው። ሁለተኛ፣ ፊልሞቹን እስከ መጨረሻ አይተዋል። አንዳንዱ ሐያሲ አሥር ደቂቃ አይቶ ጥሎት የሚወጣውን እነርሱ ክፈፍ በክፈፍ መርምረዋል። ብዙዎቹ ፊልሞች እስከ ዛሬ የሚታወቁት በእነርሱ ፌዝ ምክንያት ነው። አብሮ ለመቀመጥ የታገሠ ፌዝ ከፍቅር የራቀ አይደለም።

ሳቂው ያላየው

ነገር ግን የዚሁ ዝግጅት ታሪክ የፌዝን ወሰን የሚያሳይ አንድ አጋጣሚም ይዟል። በ1990 ከተፌዘባቸው ፊልሞች አንዱ «ወደ ቬነስ የሄደች የመጀመሪያዋ የጠፈር መርከብ» የሚል የእንግሊዝኛ ርእስ የነበረው ነው። ይህ ፊልም በርካሽ የተሠራ የአሜሪካ ፊልም አልነበረም። ምሥራቅ ጀርመንና ፖላንድ በ1960 አብረው የሠሩት፣ የፖላንዳዊውን ደራሲ የስታኒስላቭ ሌምን ልብ ወለድ መሠረት ያደረገና ኩርት ሜትሲግ ያዘጋጀው «ዝምተኛው ኮከብ» ነው።

በታሪኩ ውስጥ ከልዩ ልዩ አገሮች የተውጣጡ ጠፈርተኞች ወደ ቬነስ ይጓዛሉ። ከእነርሱ መካከል ጃፓናዊት ሐኪም፣ ቻይናዊና ሕንዳዊ ሊቃውንት፣ እንዲሁም ታሉዋ የተባለ አፍሪካዊ አሉ። እዚያ ሲደርሱ የሚያገኙት ነዋሪ የለም። የቬነስ ሰዎች ምድርን ለማጥፋት ያዘጋጁት መሣሪያ በራሳቸው ላይ ፈንድቶ አልቀዋል። የቀረው በግድግዳ ላይ የታተመ ጥላቸው ነው። የጃፓናዊቷ ሐኪም ሐዘን ከሂሮሺማ ጋር የተያያዘ ሲሆን ፊልሙ በሙሉ በዚያ ቁስል ላይ የቆመ ነው። በፍጻሜው ታሉዋ ጓደኞቹን ለማዳን የወጣበት ፕላኔት ላይ ብቻውን ይቀራል። ፊልሙ የወጣበት ዓመት 17 የአፍሪካ አገሮች ነጻነታቸውን ያገኙበት 1960 መሆኑ ሲታሰብ አፍሪካዊው በጠፈር መርከቧ ውስጥ መቀመጡ ትልቅ ትርጉም አለው። በብዙ የዓለም አዳራሾች ጥቁር ሰው በፊልም የሚታየው አሽከር ወይም አረመኔ ሆኖ በነበረበት ወቅት፣ በዚህ ፊልም የሰው ልጅ መልእክተኛ ሆኖ ታየ።

ፊልሙ በ1962 በአሜሪካ ሲቀርብ በእንግሊዝኛ ድምፅ ተለብጦ፣ ከአሥር ደቂቃ በላይ ተቆርጦ፣ ሂሮሺማን የሚያነሣው ሁሉ ወጥቶለት ነበር። ፌዘኞቹ ያዩት ይህንኑ የተጎመደውን ነው። ምክንያቱ የተቆረጠበት ሐዘን ማልቀስን ያስቀራል፤ ማልቀስ የቀረበት ፊት ደግሞ ያስቃል። በዚህ ጊዜ የሳቂው ጥፋት ክፋት አይደለም። የሚስቅበትን ነገር ማንነት አለመጠየቁ ነው።

ይህም ብቸኛው አይደለም። ሶቪየቶች በ1959 የሠሩት «ሰማዩ ይጣራል» የአሜሪካና የሶቪየት ጠፈርተኞች ወደ ማርስ ሲሽቀዳደሙ ሶቪየቶቹ የተቸገሩትን ተፎካካሪዎቻቸውን የሚያድኑበት ፊልም ነው። ፕሮዲዩሰሩ ሮጀር ኮርማን ገዛውና ያኔ ተማሪ የነበረው ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ እንዲቆራርጠው አደረገ። ሁለቱ አገሮች የሰሜንና የደቡብ ንፍቀ ክበብ ተብለው ተለወጡ፤ የሠሪዎቹና የተዋናዮቹ ስም በሌላ ስም ተተካ፤ በመካከሉም ሁለት አውሬዎች ሲታገሉ የሚያሳይ ትዕይንት ገባ። በ1962 በአሜሪካ የታየው ይህ ነው። ፓቬል ክሉሻንትሴቭ በዚያው ዓመት ያወጣው «የማዕበል ፕላኔት» ደግሞ በ1965 እና በ1968 ለሁለት የተለያዩ የአሜሪካ ፊልሞች መቁረጫ ጨርቅ ሆነ። በሁለተኛው ውስጥ በባሕር ዳር የሚመላለሱ ሴቶች ተጨመሩበት። የሌላውን ሥራ ቀዶ፣ ስሙን ፍቆ፣ ባዳ ጥብቆ ያለበሰው ነጋዴ ገንዘቡን ሲቆጥር፣ «ይህን የመሰለ ዝባዝንኬ የሠራው ማነው?» የሚለው ሳቅ የሚደርሰው የመጀመሪያውን ጠቢብ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። አጥሩ ሲነቀነቅ ባለቤቱ በቦታው አለመኖሩ ነገሩን ያከፋዋል።

በማን ይሳቅ?

እስካሁን የተባለውን የሚቃወም ሰው ጠንካራ መከራከሪያ አለው። «ጥበብ በሠሪው ችግር አይመዘንም። ተመልካች የከፈለው ሙሉ ዋጋ ነው። ‹ለድኻ ይህም አይከፋም› ማለት ራሱ ንቀት ነው፤ በእኩያ ሚዛን መመዘን ግን ማክበር ነው» ሊል ይችላል። ይህ አባባል እውነት አለው። ለጥበብ ሥራ የሚደረግ ምጽዋት ከፌዝ የማይሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

መልሱ ያለው ሚዛኑን ከመጣል ሳይሆን የሚመዘነውን ከመለየት ላይ ነው። በአንድ ፊልም ውስጥ በገንዘብ የሚገዛ አለ፤ በገንዘብ የማይገዛም አለ። መንኮራኩር በገንዘብ ይሠራል። ቃል ግን አይገዛም። ለተዋናይ የሚሰጥ አንድ የተስተካከለ ዐረፍተ ነገር ከተወላገደው ይልቅ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም። ስለዚህ በኤድ ዉድ ክር መሳቅ በኪሱ መሳቅ ነው። ገጸ ባሕርያቱ በሚለዋወጡት እርስ በርሱ በሚጋጭ ንግግር መሳቅ ግን ሒስ ነው፤ ወረቀቱና እርሳሱ በእጁ ነበሩና። እንዲሁም አውሬው ከላስቲክ መሠራቱ ጥፋት አይደለም። በሲኒማ ቤቱ በር ላይ በተሰቀለው ሥዕል በፊልሙ ውስጥ የሌለ አውሬ አሳይቶ ቲኬት መሸጥ ግን ማታለል ነው። በዚህ ላይ የሚወርደው ፌዝ ዋጋ የተከፈለበት ፌዝ ነው።

በሌላ በኩል የሰሙ መናኛነት ወርቁን የሚያስጥል መሆን የለበትም። ቅኔ ያዳመጠ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። «ፕላን ናይን» ሰሙ የተበጣጠሰ ነው። በውስጡ ያለው ሐሳብ ግን የሰው ልጅ ከቦምብ ወደ ባሰ ቦምብ እየተሸጋገረ በመጨረሻ የፀሐይን ብርሃን የሚያፈነዳና ጠፈርን ሁሉ የሚያጠፋ መሣሪያ እንዳይሠራ የሌላ ዓለም ፍጡራን ሊያስቆሙት መጡ የሚል ነው። በ1950ዎቹ ይህን መፍራት ሞኝነት አልነበረም። በጎሪላ ልብስ ውስጥ ያለው ወራሪም ቢሆን ግደል ተብሎ ታዝዞ መግደል የተሳነው፣ በትእዛዝና በስሜት መካከል የተያዘ ፍጡር ነው። ሐሳቡ በአግባቡ አልተነገረም ማለት ይቻላል፤ ሐሳብ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም።

ድህነት ብቻውን እንደማያስቅ ደግሞ ሌሎች ሥራዎች ይመሰክራሉ። ያው ሮጀር ኮርማን በ1960 «ዘ ሊትል ሾፕ ኦቭ ሆረርስ» የተባለውን ሰው የምትበላ ተክል የምትታይበትን ፊልም ዋና ዋና ትዕይንቶች በሁለት ቀን ያህል ቀርጾ ጨርሷል። ፊልሙ ግን ከተመልካቹ ቀድሞ በራሱ ስለሳቀ ማንም ሊያሳፍረው አልቻለም። ፈረንሳዊው ክሪስ ማርከር በ1962 የሠራው «ላ ዠቴ» ደግሞ 28 ደቂቃ የሚፈጅ፣ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ከማይንቀሳቀሱ ፎቶግራፎች የተገነባ የሳይንስ ልብ ወለድ ነው። ከሦስተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፓሪስ ከተማ ሥር የተደበቁ ሰዎች አንዱን እስረኛ በትዝታው አማካይነት ወደ ኋላ ዘመን ይልኩታል። በክር የተንጠለጠለ መንኮራኩር የለም፤ የላስቲክ አውሬም የለም። ሲያዩት ማንም አይስቅም። ማርከር የሌለውን አለኝ አላለም፤ ያለውን ጥቂት ነገር ቅርጽ አደረገው። እንግዲህ የሚያስቀው ድህነት ሳይሆን ሀብት መስሎ ለመታየት የሚጣጣር ድህነት ነው ማለት ነው። ይህ ደግሞ ከሳቂው ይልቅ ለጥበብ ሰው የሚጠቅም ትምህርት ነው።

ትምህርቱ በኢትዮጵያም ምስክር አለው። በ2015 የወጣውና ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በኢትዮጵያ ምድር በአማርኛ የሠራው «ክራምስ» በአነስተኛ ወጪ የተዘጋጀ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ነው። ዓለም ከጠፋች በኋላ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የሚጫወቷቸው ሁለት ፍቅረኞች በአንድ በተተወ የቦውሊንግ ቤት ይኖራሉ። በሰማይ ላይ ለዘመናት ተገትራ የቆየች መንኮራኩር ትታያለች። የፕላስቲክ መጫወቻዎችና የሙዚቃ ሸክላ እንደ ቅርስና እንደ ክታብ ይከበራሉ። ፊልሙ የዳሎልን መልክዐ ምድር ሌላ ፕላኔት ለማስመሰል አልተጨነቀም፤ መሬቱ በራሱ ይበቃዋል። በርካሽ ዕቃ ላይ ሊሳቅ የሚችለውን ሳቅ ራሱ የታሪኩ ጉዳይ አድርጎታል። የሠለጠነው ዓለም የጣለውን ኮተት ሌላ ትውልድ ቢያመልከው ማን በማን ይስቃል? ጥያቄው ሳይመለስ ፊልሙ ያልቃል።

በትንሽ ካሜራና በተበደሩት ልብስ ሥራ የሚጀምሩ ወጣቶች ባሉበት አገር ሁሉ ይህ ነገር የሩቅ ወሬ አይደለም። የተማሪዎቹን የመጀመሪያ ቲያትር የሚያይ መምህር፣ የጀማሪን ሥራ የሚገመግም ሐያሲ፣ በአዳራሽ የተቀመጠ ተመልካች ሁሉ ያንኑ ችኩል ዳኛ በአፉ ይዞ ይቀመጣል። እንዳይስቅ መከልከል አይቻልም፤ አይገባምም። ሳቅ የሌለበት ሒስ ይደርቃል፤ ሐሰትም ያለ ስላቅ አይጋለጥም። ከሳቂው የሚጠየቀው ከሳቁ በፊት ጥቂት መታገሥ ነው። ሥራውን እስከ መጨረሻው ይየው። የሚያየው የሠሪው እጅ የሠራው ይሁን ወይስ ሌላ እጅ የቀደደው ይጠይቅ። ጉድለቱ ከኪስ የመጣ ይሁን ወይስ ከአሳብ ስንፍና ይለይ። ከዚህ በኋላ የሚወጣ ሳቅ፣ መሪር ቢሆን እንኳ፣ ለተሳቀበት ሰው ዕዳ ሳይሆን ትምህርት ይሆነዋል።

ከጥበብ ሰው የሚጠየቀው ደግሞ ከዚህ አይቀልም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚለው አባባል ለጥበብም ይሠራል፤ ግን ሙሉውን መንገድ አያደርስም። ኤድ ዉድ ከአንጀቱ አልቅሷል፤ እንባው ግን ቃል አጣ። ቅንነት ገንዘብን ሊተካ ይችላል። ድካምንና ማሰብን ግን አይተካም። የሌለውን መንኮራኩር በክር ከማንጠልጠል ያለውን ፎቶግራፍ በሚገባ ማሳየት ይሻላል። እንዲህ የተሠራ ሥራ ሲሳቅበት እንኳ ሳቁ ከጎኑ ሆኖ የሚሳቅ ይሆናል፤ በላዩ የሚወርድ አይሆንም።